ብሪን የምትኮበልልበት ወር

ብሪን በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለአባቷ ለዌንደል ደወለች። ዌንደል በበረዶ አዳልጦት ቦይ የገባ መኪና ጎትቶ ከተመለሰ ገና ጓንቱን አላወለቀም ነበር።

«አባዬ፣ ልንኮበልል ነው» አለችው።

«ከማን ጋር?»

«ከኬለብ ጋር ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?»

«እሱንማ አውቃለሁ። የምትኮበልል ልጅ ግን ለአባቷ ደውላ አትናገርም። በመስኮት ዘላ ነው የምትጠፋው።»

ብሪን ሳቀች። አዳራሽ፣ ድግስ፣ አክስትን ከአክስት አራርቆ የማስቀመጥ ጣጣ አንፈልግም አለች። ተራሮቹ መሀል ባለው ፓርክ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሁለታችን ብቻ ቆመን ቃል እንገባባለን፤ እንፈራረማለን፤ አለቀ። በኮሎራዶ ለመጋባት ቄስም ዳኛም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሕጉ ሌላ ሰው አይጠይቅም።

«ፓርኩን ደግሞ እንዳንተ የሚያውቀው የለም» አለችው። «አንተ ምረጥልን። የትኛው ወቅት ይሻላል?»

የዌንደል ልብ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ለትንሽ ነገር ልቡ ቅቤ የሚጠጣ ሰው አልነበረም፤ ግን ብሪን አንድ ነገር ጠይቃው ስታውቅ ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከእናቷ ጋር ሲፋቱ ብሪን ትንሽ ልጅ ነበረች። እናትየው ይዛት ዴንቨር ወረደች፤ ኬንት የሚባል የጥርስ ሐኪም አገባች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር የኬንት ሆነ። የብሪንን ጥርስ ያስተካከለው ኬንት፤ መኪና መንዳት ያስተማራት ኬንት፤ ስትመረቅ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጨበው ኬንት። የወለዳት አባቷ ዘግይቶ ደርሶ ከዓምድ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ያየው ኮፍያዋን ብቻ ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ኬንት ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ዌንደል ተገላግሎ ነበር፤ ክፉን የእንጀራ አባት በሰላም ይጠሉታል። በየገናው ካርድ የሚልክልህን፣ በተገናኛችሁ ቁጥር «ዌንደል፣ ና እንጂ ጥርስህን በነጻ ልይልህ» የሚልህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? ዌንደል ከዓመት ዓመት የሚጠዘጥዘው የመንጋጋ ጥርስ ነበረው። ይሞታል እንጂ ለኬንት አፉን አይከፍትም።

ኬንት የሌለው አንድ ነገር ቢኖር ፓርኩ ነው። ዌንደል ዕድሜውን የፈጀው በፓርኩ መንገዶች ላይ የተበላሹና ቦይ የገቡ መኪኖችን ሲጎትት ነውና እያንዳንዱን ወር በጎተተው መኪና ያውቀዋል። በበረዶው ወራት የተንሸራተቱትን ይጎትታል፤ ነፋሱ እንኳን የሙሽራ ሻሽ ሙሽራዋንም ይወስዳል። በፀደይ ጭቃ የዋጣቸውን ያወጣል፤ ተራራው ያኔ ከበረዶው ወጥቶ ልብሱን ገና ያልለበሰ ራቁት ነገር ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ያጓራል፤ ሰዉ መኪና ማቆሚያ አጥቶ በየዳሩ ይተራመሳል፤ ሙሽሪት ከማታውቀው ጎብኚ ኋላ ተሰልፋ ነው ሐይቁን የምታየው።

መስከረም ግን፣ የመስከረም መጨረሻ! ጠዋት ላይ ቅጠል አይነቃነቅም። አስፐን የተባሉት ዛፎች ከሥር እስከ ጫፍ ወርቅ ይሆናሉ፤ ሐይቁ ተራራውን ገልብጦ ያሳያል። ዌንደል አንዴ የአንድ ቴክሳሳዊ ከብት ነጋዴን ጎማ ሊቀይር በዚያ ሰሞን ወጥቶ ነበር። ሰውዬው፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ዛፎቹን እያየ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዌንደል አልሳቀበትም።

«መስከረም» አላት ለልጁ። «የመጨረሻው ሳምንት። በጠዋቱ፣ ነፋሱ ሳይነሳ።»

«በቃ፤ አንተ ካልክ መስከረም ነው» አለች።

ያን ሳምንት እያፏጨ ሠራ። ሳምንቱ ሳያልቅ ብሪን መልሳ ደወለች።

«አባዬ፣ ሐይቁ ጋ ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትወጣው? ኬንት ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው።»

«ኬንት ምን አገባው?»

«ፎቶ የሚያነሳን እሱ ነዋ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካሜራ ገዝቶ ወፍ ሲያነሳ ነው የሚውለው። ጎበዝ ሆኗል።»

ዌንደል ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «ሁለታችን ብቻ ነን፣ እንግዳ የለም አላልሽም?»

«የለም እኮ። ፎቶ አንሺ እንግዳ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«ፎቶ አንሺ ነዋ፣ አባዬ። በየትም እንደዚህ ነው። አንተን ብጠራ እማዬን መጥራት አለብኝ። እማዬ ከመጣች እህቶቿ ይመጣሉ። የኬለብ ቤተሰብ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ይሞላል። ያኔ ኩብለላ መሆኑ ይቀርና ሰርግ ይሆናል። አንተ ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ነገር አትወድም።»

አይወድም፤ እውነቷን ነው። ግን ቀና። ቅናት አጥንትን ያነቅዛል የሚሉት ለካ ዝም ብለው አይደለም። መስከረምን የሰጣት እሱ፤ መስከረም ላይ ቆሞ የሚያያት ኬንት። ወርቁን ዛፍ፣ የረጋውን ሐይቅ፣ ቀሚሷን፣ ቃሏን፣ ሁሉንም ኬንት በዚያች ካሜራ እየለቀመ ከረጢቱ ውስጥ ሊከት ነው። ከዚያ ለገና አንዷን ፎቶ ካርድ ላይ አትሞ ይልክለታል። ይልካላ! ደግ አይደል?

«ቆይ፣ ብሪን» አለ። «መስከረም ያልኩሽን ተይው።»

«ለምን?»

«አጋዘኖቹን ረስቼ። በመስከረም ኮርማዎቹ ይቀናሉ። ሴቶቹን ሰብስበው ሲጠብቁ እህል ውሃ የለም፤ የቀረባቸውን ሁሉ ይወጋሉ። በተለይ ካሜራ የያዘውን።»

ኮርማዎቹ በመስከረም እንደሚቀኑ እውነት ነው። የካሜራውን ጨመረበት።

«እና መቼ ይሁን?»

«ግንቦት። መጀመሪያው ላይ።»

«ያኔ አይበርድም?»

«ምን ይበርዳል! ነፋስ የለ፣ ሰው የለ። ውብ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዌንደል ይህን ሲል በዓይኑ የሄደበት ኬንት ብቻ ነበር፤ በሚያብለጨልጭ የከተማ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲማስን፣ መነጽሩና ካሜራው በጉም ሲታፈኑ። ብሪን ራሷ እዚያ ጭቃ ውስጥ እንደምትቆም ያን ዕለት አንዴም ትዝ አላለውም።

ትዝ ያለው በኋላ ነው። ፓርኩ በየወሩ የሚፈቅደው የተወሰነ ጋብቻ ነው፤ ቦታው ይነገራል፣ ሰዓቱ ይቆረጣል። ብሪን የግንቦቱን ፈቃድ አወጣች። ሚያዝያ ላይ ዌንደል ወደ ፓርኩ ቢሮ ደወለና ስለ መስከረም ጠየቀ።

«መስከረምማ ባለፈው ወር ሞላ» አለችው የቢሮዋ ሴት። «ስንቱ ነው የሚሻማበት፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘግቶ ለብሪን ሊደውል አነሳው፤ መልሶ አስቀመጠው። ዋሽቼሻለሁ ቢላት ለምን ትለዋለች። ለምን ስትለው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ በምን አፉ ነው ቀንቼ ነው የሚለው? ምናልባት ብራ ይሆን ይሆናል እያለ ራሱን ሸነገለ። ከግንቦት ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ብራ እንደማይሆን ያውቃል።

ብራ አልሆነም። የተቆረጠው ቀን ሲነጋ በረዶ ከዝናብ ተደባልቆ ይወርድ ነበር፤ ነፋሱ አግድም ይነዳዋል። ዌንደል መጎተቻ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ለምን እንደሚሄድ ለራሱ የነገረው ምክንያት መኪናቸው ጭቃ ቢይዘው ብሎ ነው።

መኪናቸውን ሐይቁ አጠገብ አገኘው። ብሪንና ኬለብ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ በትንፋሻቸው ደፍርሷል። ኬንት ውጭ ቆሟል። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታቅፎታል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዌንደል ከየካቲት ጀምሮ በዓይኑ የሣለው ኬንት ይኸው ፊቱ ቆሞለታል፤ ደስ ግን አላለውም።

«እንኳን መጣህ፣ ዌንደል» አለ ኬንት። «ነፋሱ ጋብ ይላል ብለን እየጠበቅን ነው። ፈቃዱ እስከ ረፋድ ብቻ ነው።»

«እህ።»

«እኔማ መስከረም ነው ብያት ነበር።» ኬንት መነጽሩን በጣቱ ጠረገ። «ያነበብኩት ሁሉ መስከረም ነው የሚለው። አባቴ ግንቦት ካለ ግንቦት ነው ብላ አኮረፈችኝ። ስንት ቀን ስልኬን አላነሳችም። ፓርኩን ከአባቴ በላይ ልታውቅ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ።»

ኬንት ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየውም። ኬንት ውሸቱ እንደገባው ዌንደል በዚህ አወቀ።

ዌንደል ይህችን አንዲት ነገር ነበር ዕድሜውን የተመኘው፤ በእሱና በኬንት መሀል ሆና እሱን እንድትመርጥ። መርጣው ኖሯል። እሱ ባላየበት፣ ለእሱ ስትል ተጣልታለታለች። የተጣላችለት ያች ቃሉ ግን ውሸት ነበረች።

የመኪናው በር ተከፈተና ብሪን ወረደች። ነጭ ቀሚሷ ላይ የኬለብን ካፖርት ደርባለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«አባዬ፣ እንግዳ አንቀበልም ብዬህ አልነበር?» አለች እየሳቀች። «ለነገሩ በሰዓቱ ነው የመጣኸው። ይገለጣል አይደል? ይገለጣል ካልክ እንጠብቃለን።»

ኬለብም ከኋላዋ ወርዶ የዌንደልን አፍ ማየት ጀመረ። ኬንት ሐይቁን ያያል።

«አይገለጥም» አላት ዌንደል። «ግንቦት ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ዋሽቼሽ ነው፣ ልጄ። ትክክለኛው መስከረም ነበር።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ለምን?»

«እሱ እያየሽ፣ እኔ ሳላይሽ፣ በዚያ ሁሉ ውበት መሀል…» ኬንትን በአገጩ አሳየ። «አልቻልኩትም። ቀናሁ።»

«በኔ ሰርግ ላይ?»

«አዎ። በአንቺ ሰርግ ላይ።»

ብሪን አፍንጫዋን በካፖርቱ እጀታ ጠረገችና «ኑ» አለች፤ ለሁሉም ነው ያለችው። ጭቃውን እየረገጠች ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ተከተሏት።

«አንተ እዚህ ቁም» አለችው አባቷን። «ኬንት፣ አንተ ከጎኑ። ተጠጉ፤ ከዚያም በላይ ተጠጉ፤ በመሀላችሁ ነፋስ እንዳይገባ። ጀርባችሁን ለኛ ስጡ።»

«ካሜራውስ?» አለ ኬንት።

«ካፖርትህ ውስጥ ክተተው። ኩብለላ አይደል? ማንም አያየንም። የዛሬ ሥራችሁ ነፋስ መከለል ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጡ። በረዶው ጉንጫቸውን ይገርፋል። ከጀርባቸው ኬለብ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቃሉን ሰጠ። ቀጥሎ ብሪን ተናገረች። ዌንደል ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደበት። ኬንት የቆመው ወደሷ ቀረብ ብሎ ነውና የበለጠ ይሰማው ይሆን እያለ በጎን ሰረቅ አድርጎ አየው። ኬንት እያለቀሰ ነበር። ቀድሞት ማልቀሱ ደግሞ ዌንደልን አበሸቀው።

ከዚያ ከኋላቸው ጸጥ አለ።

«አባዬ፣ አሁን ዙር» አለች ብሪን።

ሁለቱም ዞሩ። ኬንት የተጠራው ዌንደል ብቻ መሆኑን ያወቀው ከዞረ በኋላ ነው። አንድም ቃል ሳይናገር መልሶ ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ፤ አንገቱን ቀበረ፤ ብቻውን ይከልላቸው ጀመር።

ዌንደል ልጁን አያት። ፀጉሯ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፤ ኬለብ ሁለት እጆቿን በእጆቹ ውስጥ አድርጎ ያሞቃል። እሱ ብቻ ነው ያያት። ለአፍታ ያህል፣ በዓለም ላይ እሱ ብቻ።

እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ የኬንትን እጀታ ጨመደደና ሳበው።

«ዙር እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለው። «ፎቶውን ማን ሊያነሳልን ነው?»