ዶሮ የማይደርስበት

እንቁላሉ እጇ ላይ ተለመጠ። ቅርፊት የለውም፤ በስስ ቆዳ የተጠቀለለ ውሃ ነው።

"ወይ ጉዴ! ነይ እስኪ ይኼን እዪ!" አለች እናትየው።

ልጇ የገፋ ሆዷን ደግፋ ብቅ አለች። "ዛሬም አገኘሽ?"

"የሰጠኋችሁ ዶሮዎች እኔ ጋ ሳሉ እንዲህ አልነበሩም። ዓይን በልቷቸዋል።"

"ዓይን አይደለም እማዬ፣ ድንጋይ ነው።" ልጅየዋ የሳይንስ አስተማሪ ናት። "ያንቺ ሰፈር የቆመው ኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ቀንድ አውጣው ከዚያ አፈር ቤቱን ይሠራል፤ ወፏ እሱን ትበላና ለእንቁላሏ ቅርፊት ታበጃለች። ከሸንተረሩ ወዲህ አለቱ ሌላ ነው፣ ኖራ የለውም። ስለዚህ ቀንድ አውጣ የለም።"

"ወፍም የለ!"

እናትየውን ልጇን ልትጠይቅ ከመጣች ጀምሮ ያስፈራት ይኸው ነው። ዛፉ ለምለም ነው፤ ግን ጎህ ሲቀድ አንድም ድምፅ አይወጣውም፣ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ይመስላል። ዶሮዎቹ ብቻ ቀኑን ሙሉ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ከሥሩ ይጠቀጥቃሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የማይገባ እንግዳ በር እያንኳኳ ይመስለዋል።

የልጇ ባል የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ገባ። "እማማ፣ ዶሮዎችዎ ቤቴን በልተው ሊጨርሱት እኮ ነው! ነገ በዘይት ቀለም እለብጠዋለሁ፤ ያኔ ምንቃራቸው ይሰበር።"

"ምን ያድርጉ ልጄ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።"

"እማዬ!" አለች ልጅየዋ ሆዷን ይዛ። ሦስቱም ሳቁ።

አመሻሽ ላይ እናትየው ዶሮዎቹን ቆጥ ላይ አውጥታ ዘጋችባቸው። ነገ ወደ ቤቷ ተመላሽ ናትና ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ጓዳውን አልፋ ስትሄድ ከግድግዳው ድምፅ መጣ። ፍቅ፣ ፍቅ። ቆም አለች። ዶሮዎቹን በገዛ እጇ ዘግታ የለ?

የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገችው። ልጇ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማለች። በግንባሯ ትክክል ኖራው ተፈቅፍቆ ጭቃው ወጥቷል፤ የጥፍር ሰንበር አለበት፣ ዳር ዳሩም ርሷል።

ዶሮ እዚያ ድረስ አይደርስም።

"የኔ ልጅ?"

ዞረች። ከንፈሯ ነጭ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ። ዝናብ ሲመታው ይሸተኛል፣ ምራቄ ይሞላል።" እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። "እኔ አይደለሁም እማዬ። እሱ ነው የሚፈልገው።"

"አንቺ ሳይንስ እያስተማርሽ!"

"ማወቁንማ አውቃለሁ። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።"

እናትየው ልትቆጣ ከንፈሯን አላቀቀችና ተወችው። በቀሚሷ ጫፍ የልጇን አፍ ጠረገችላት፤ በልጅነቷ እንደምታደርግላት።

"እኛ ሰፈር ያለችው አዋላጅ ትይሽ።"

"ሥራዬስ?"

እናትየው ሻንጣዋን ከበሩ አምጥታ አልጋው ላይ ከፈተችው። የራሷን ልብስ አንድ በአንድ አወጣችና የልጇን መክተት ጀመረች።