ስም ያለበት ሙሾ

ከጅጋ እስከ ገበዝ ማርያም ባለው አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፤ ቀጥሎ ዓባይነሽ ትጠራለች። እሷ ያልመጣችበት ለቅሶ ደረቅ ለቅሶ ይባላል፤ የሟቹ ዘመዶችም ዓመቱን ሙሉ ይታሙበታል። ዓባይነሽ ዝም ብላ አታለቅስም። የሟቹን በሬ ስም፣ የሚወደውን ማሳ፣ የተጣላውን ጎረቤት ሳይቀር ጠያይቃ ትመጣለች። ከዚያ በሁለት ስንኝ ሰውየውን አስነሥታ ታቆመዋለች፤ በሕይወቱ ሳለ ሰላምታ የነፈገው ሁሉ ደረቱን ይደቃል። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወልደ ገብርኤል ሙሾ ክልክል ነው እያሉ በየቀብሩ ይገሥጿታል። ግሣጼያቸውን የሚጀምሩት ግን ሁልጊዜ እሷ ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ያውም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው።

ወደ ሠርግ የሚጠራት የለም። በክፋት አይደለም፤ ሙሽራ በሚወጣበት ደጃፍ አልቃሽ ስትገባ ማየት ደግ አይደለም ስለሚባል ነው። በማግስቱ ሳህን ሙሉ ይላክላታል። እሷም ትበላለች። "ሆዴ ሠርግ ያውቃል፤ እግሬ አያውቅም" ትላለች።

ገነነ የታናሽ እህቷ ልጅ ነው። እናቱ ታማ በተኛችባቸው ዓመታት ያሳደገችው ዓባይነሽ ናት፤ የምትተወው ዘንድ ስለሌላትም በየለቅሶው ይዛው ትዞር ነበር። የሌላው ልጅ ከብት ሲጠብቅ እሱ ለቅሶ ጠበቀ። ዜማ የት ላይ እንደሚሰበር፣ ሕዝብ የት ላይ እንደሚቀበል፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ያወቀው እዚያ ነው። ዛሬ በፍኖተ ሰላም "ገነነ ባንድ" የሚባል ባንድ አለው። ባንዱ ማለት ገነነ፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ሞንታርቦና አንድ ጀነሬተር ናቸው። ከአራቱ ጮክ ብሎ የሚዘፍነው ጀነሬተሩ ነው።

በኅዳር ወር ገነነ በሬዲዮ ሊቀርብ ነው የሚል ወሬ መጣ። ዝግጅቱ ዘፋኞችን እየጠራ "ሙዚቃን እንድትወድ ያደረጉህ ሰዎችና ባንዶች እነማን ናቸው?" ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ዓባይነሽ ይሄን ስትሰማ ቀና አለች። "እኔ ማለት ባልወድም፣ ስሜ ሳይነሣ አይቀርም" አለች፤ ማለት ባትወድም ለሰባት ቤት አዳረሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቷ ሰብለ ቤት ተሰበሰቡ። ሰብለ በፀሐይ የምትሠራ ሬዲዮ አለቻት፤ በረንዳው ላይ ከእንስራው ጎን አስቀመጠቻት። ዓባይነሽ ሬዲዮ የሚያያት ይመስል አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ መጣች። መምሬ ወልደ ገብርኤልም "እግረ መንገዴን ነው" ብለው መጥተው ከሁሉም ቀድመው ተቀመጡ።

ጋዜጠኛዋ ጠየቀች። ገነነ ጉሮሮውን ጠረገና ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ የአዲስ አበባ አነጋገር መለሰ። "በልጅነቴ የታላላቆቹን የአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ እየሰማሁ ነው ያደግሁት" አለ። ባደገበት ቤት አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሬዲዮ አልነበረም። "ከዚያ ደግሞ ጃዝ ውስጥ ገባሁ" አለና የአንድ አሜሪካዊ ሳክስፎን ነፊ ስም ጠራ። ጋዜጠኛዋ ስሙን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ደገመችው።

"ከቤተሰብስ?" አለች።

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሬዲዮዋ ዘመም አለ። ዓባይነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ከቤተሰብ እንኳ ወደ ሙዚቃው የሚያዘነብል አልነበረም" አለ ገነነ። "ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁት።"

ሰብለ ተነሥታ ድምፁን ቀነሰችው። መምሬ "ከተማ ሰው ያስረሳል" አሉ፤ ይሄ መጽናኛ መሆኑ ነው። ዓባይነሽ ተነሣችና፣ "ያ አሜሪካዊ ለመሆኑ ለማን አልቅሶ ያውቃል?" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከፋት። እንዲህ ከፍቷት አያውቅም። የሰው ሁሉ ስም በአፏ ሲከብር ኖሮ፣ የእሷን ስም የሚጠራ አንድ ልጅ አጣች። በዚያው ሳምንት ጎመን ስትቀነጥስ ሁለት ስንኝ መጣላት። ስለ ማን እንደሆነ ለማንም ሳትናገር አስቀመጠችው።

ይባስ ብሎ፣ ገነነን ያስጠራው ዘፈን የእሷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆነኝ የሚባል ደግ ገበሬ ሞቶ ስታለቅስለት ያወረደችው ሙሾ ነው።

በሬውን ፈታችሁ ወዴት ነዳችሁት፣
ጌታው ቢሆነኝን ምን ብላችሁት።

ገነነ ዜማውን እንዳለ ወስዶ ሦስት እጥፍ አፈጠነው፤ ከሥሩ ጭብጨባ ጨመረበት። ቃሉንም ለሠርግ እንዲመች አድርጎ ለወጠው።

ሙሽሪትን ይዛችሁ ወዴት ወሰዳችኋት፣
ደጓን እናቷን ምን ብላችኋት።

ከቡሬ እስከ ጅጋ ያለ ይሄ ዘፈን የሚዳር ሙሽራ ጠፋ። ዓባይነሽ መጀመሪያ የሰማችው ጅጋ ገበያ ውስጥ ነበር፤ ዜማውን እንዳወቀችው ቆማ ሳቀች። "ወራሼ" አለች በልቧ። ከሬዲዮው ወዲህ ግን "ሌባ" ወደሚለው አዘነበለች።

ጥር ገባ። የሟቹ የቢሆነኝ ልጅ ያምሮት ልትዳር ሆነ፤ ቡሬ ሠራተኛ ናት። ለሠርጓም ገነነ ባንድ ተጠራ። ያምሮት በአባቷ ቀብር ቀን ራሷን ስታ ስለነበር ያንን ሙሾ አልሰማችውም። ዓባይነሽ ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ተጠራች፤ "የዘፋኙ አክስት" ተብላ።

የምታደርገውን ወስና ነው የሄደች። ገነነ ያንን ዘፈን ሲጀምር ተነሥታ፣ አንዲት ስንኝ ብቻ፣ በጥንቱ አካሄዱ ታወርደዋለች። የሟቹ ቤት፣ የሟቹ ልጅ፣ የሟቹ ሙሾ። ከዚያ ወዲያ ዳሱ ዳስ አይሆንም፤ ገነነንም ለሠርግ የሚጠራ ሰው አይኖርም። ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ራሱን በራሱ ያብላ።

ገነነ ጥቁር መነጽር አድርጎ ኦርጋኑ ኋላ ቆሟል። አክስቱ ከሴቶቹ መካከል ስትቀመጥ ሲያይ ጣቱ ሳተ፤ ሰው ግን አዲስ ስልት መስሎት አጨበጨበ። የሚያውቀውን ሁሉ ዘፈነ፤ የማያውቀውንም ሞከረ፤ ያንን ዘፈን ብቻ አልነካ አለ። በመጨረሻ ወጣቶቹ "ምን ብላችኋት ይምጣልን" ብለው ያዙት። ሙሽራዋ ራሷ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ምን ያድርግ፤ ጀመረ።

ዳሱ ተናወጠ። የቢሆነኝ ሚስት፣ የሙሽራዋ እናት እንቁ፣ ጠላ እየቀዳች ነበር። ዜማው ጆሮዋ ሲገባ እጇ ቀጥ አለ፤ ጠላው ከብርጭቆው አልፎ የእንግዳውን እግር አራሰው። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እናት ናት እንግዲህ፤ ልጇ ልትሄድባት ነው" አሉ በአጠገቧ ያሉት። ወዲያው ግን አንዲት ባልቴት፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ሆዳቸው ይባባ ጀመር። መምሬ ወልደ ገብርኤልም የጋቢያቸውን ጫፍ ይፈልጋሉ።

ዓባይነሽ ተነሣች። ገነነ አያት፤ ድምፁም አነሰ። ፍርሃት የማያውቀው ጀነሬተሩ ብቻ ነው፤ እሱ መጮኹን ቀጠለ። ዓባይነሽ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰችና አፏን ከፈተች።

ይኼኔ እንቁ ክንዷን ያዘቻት። "እትየ ዓባይነሽ፣ ሰሙት አይደል?" አለቻት በጆሮዋ። "አባት የላትም ሲሉ ቢሆነኝ ለልጁ ሠርግ መጣ።"

"አውቀሽዋል?"

"መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ነው ያወቅሁት። ያምሮት የጠራችው መስሎዎታል። ይሄን ባንድ ጥሩልኝ፣ ይሄን ዘፈን ዝፈኑልኝ ያልሁ እኔ ነኝ።"

የዓባይነሽ አፍ እንደተከፈተ ነው። የተከፈተ አፍ ደግሞ ባዶውን አይዘጋም፤ ሰው እያየ ነው። እልል አለች። ያ ስንቱን ያስለቀሰ ጉሮሮ እልል ሲል ዳሱ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ተቀበላት። እንቁ እጇን ይዛ ወደ መሐል ጎተተቻት። አልቃሿ በስልሳ ሦስት ዓመቷ እስክስታ ወረደች፤ ሠርግ የማያውቀው እግሯ እንኳ ብዙም አላሳፈራትም።

ሙሽሪት ከተሸኘች በኋላ ገነነ ከዳሱ ኋላ፣ ከቀዘቀዘው ጀነሬተር አጠገብ አገኛት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

"እትየ፣ የዚያን ቀን ሬዲዮውን ሰምተውት ነበር?"

"የምን ሬዲዮ? የሰብለ ሬዲዮ የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነበር።"

ገነነ መሬት መሬት አየ። "በፀሐይ ነው እኮ የምትሠራው። እኔ ነኝ የገዛሁላት።"

"እንግዲያ ደመና ነበር።"

"ምን ልበል፣ እትየ?" አለ ገነነ። "ሙዚቃን የወደድሁት ከለቅሶ ቤት ነው፣ አክስቴ አልቃሽ ናት ብዬ በአገር ፊት ብናገር ማን ለሠርጉ ይጠራኛል? እርስዎ ራስዎ መቼ ሠርግ ተጠርተው ያውቃሉ?"

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ የበለጠ አናደዳት። "እሺ፣ እኔንስ ተወኝ። ያንን አሜሪካዊ ለምን ጠራኸው?"

"ስሙን ስልክ ላይ አይቼው ነው። ሙዚቃውንስ ሰምቼው አላውቅም።"

ዓባይነሽ ሳትወድ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ መነጽሩን እያሻሸ ፊቱን ዞር አደረገና፣ "እትየ፣ ሰሞኑን ጥሩ ለቅሶ አለ ወይ?" አላት። "ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ አዲስ ዘፈን ያስፈልገኛል።"

መቆጣት ነበረባት። ግን ልቧ ሞቅ አለ። ከዚያ ሁሉ ባንድ፣ ከዚያ ሁሉ ጃዝ፣ ዜማ ያለቀበት ቀን የመጣው ወደ እሷ ነው።

"አለ" አለች።

"የማን?"

"ሟቿ ገና አልሞተችም።" ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወረደችው።

ስንቱን አስለቅሳ ስንቱን የሸኘች፣
ዓባይነሽ ዛሬ ተራዋን አገኘች።

ገነነ መነጽሩን አጠለቀ፤ ግን ዘግይቷል፤ ዕንባው ቀድሞታል። ዓባይነሽ አየችው፤ ደስ አላት። ደስ ማለቷም አላሳፈራትም።

"ይሄኛው ስም አለበት" አለችው። "ሬዲዮ ላይ እንዳደረግኸው አውጥተህ የምትጥለው አይደለም።"

"አዎ፣ እትየ" አለ። ቀስ እያለ ግን ጣቱ ጉልበቱ ላይ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፈጠን እያለ። ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፤ "ሙሽሪት ዛሬ ተራዋን አገኘች።"

ተያዩ። ጥሩ ዘፈን ሲገኝ ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም ያደጉት ለቅሶ ቤት ነው።

"በአንድ ትንፋሽ አወጣኸኝ" አለች ዓባይነሽ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትየ። እተወዋለሁ።"

"አትተወውም። እንኳን አንተ እኔም ብሆን አልተወው። ውሰደው። ቀኑ ሲደርስ ግን ኦርጋኑን ትተህ፣ መነጽሩን አውልቀህ፣ ስሜን ወደ ቦታው መልሰህ፣ በአገር ፊት በዝግታ ታወርድልኛለህ።"

"ከዚያ በኋላ ማን ለሠርግ ይጠራኛል?"

"እሱን አሜሪካዊውን ጠይቀው።"

ገነነ መነጽሩን አወለቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ የጠየቀችው ባንዱን እንዲሠዋላት ነው። ከዚያ "እሺ" አለ። አላስማለችውም። ድምፁን ከሕፃንነቱ ጀምራ ታውቀዋለች፤ እውነት ሲናገር ዝቅ ይላል።

ከፋሲካ በኋላ ዓባይነሽ ጨው ልትገዛ ጅጋ ወረደች። ፍሬሕይወት የምትባለዋ የሱቅ ልጅ ስልኳን ከፍታ ትከሻዋን እየሰበቀች ጨው ትሰፍራለች። ከስልኩ የገነነ ድምፅ ይወጣል፤ ሙሽሪት ተራዋን አገኘች ይላል። በር ላይ የቆሙት ወጣቶች ያጨበጭባሉ። ዓባይነሽ መቋሚያዋን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ዘፈኑን ያውቁታል እንዴ፣ እትየ?" አለች ፍሬሕይወት።

"አውቀዋለሁ። የእኔ ሙሾ ነው።"

ልጅቱ በአክብሮት ሳቀች። "ኧረ የሠርግ ዘፈን ነው፣ እትየ።"

"ይሁን" አለች ዓባይነሽ ጨውዋን እየተቀበለች። "ዜማው ቀስ ያለ ቀን ትለይዋለሽ።"