ሰማያዊዋ መስኮት

የሰደበው ባዳ አይደለም፤ የገዛ እህቱ ባል ነው። ቀኑንም አይስተውም፦ ባለፈው ዓመት፣ የእነእህቱ ቤት ጣሪያ ታድሶ ባለቀበት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አናጺው ገና ጥርሱን እየጎረጎረ ሳለ። «ነጻ የኮምፒውተር ሲስተምና ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምክር አንድ ናቸው» አለ ባልየው። «ሁለቱም በነጻ የሚታደሉት የሚገዛቸው ስለጠፋ ነው።» አናጺው ስንጥሩ ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። የተሰደበው ኮምፒውተር ጠጋኝ ግን ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ስድቡን ትቶት አይደለም። እሱ ቂምን የሚያስቀምጠው እንደ ብሎን ነው፤ በመጠን በመጠኑ ለይቶ።

ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል፤ ቶሎ ስለሚነድ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የእህቱ ኮምፒውተር ነው። እህቱ ቪዲዮ አቀናባሪ ናት፤ የምትሠራውም እቤቷ፣ አንዷን ክፍል ለይታ ነው። የድሮው ሲስተም እየተንቀራፈፈ ሲያስለቅሳት ፊውዝ ነቅሎ ጣለውና ሊኑክስ ጫነላት፤ ማንም ከፍቶ የሚያየው፣ ማንም የሚያሻሽለው፣ የማይሸጥ ሲስተም። ሁሉ ነገር አማረ፤ ቪዲዮ ሲቀር። ቪዲዮ ስትከፍት ምስሉ እንደ አንካሳ እየዘለለ ይሄዳል። ምስል እንዲያስኬድ የተገዛው ግራፊክስ ካርድ ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። ካርዱንና ሲስተሙን የሚያግባባ ድራይቨር የሚባል አለ፤ ፊውዝ እሱን ደጋግሞ ይጭናል፣ ሲስተሙ ደጋግሞ እንዳላየ ያልፈዋል።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ባልየው ከሥራ ሲመለስ ሌላ ባለሙያ ይዞ ሊመጣ፣ ሁሉንም አስደምስሶ የድሮውን ሊያስመልስ ቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ፊውዝ ወደዚህ ቤት ቢጠራ ለምሳ ነው፤ ለሥራ አይጠራም።

«ካልሆነ ይቅር፣ ወንድምዓለም» አለችው እህቱ፣ ወንበር ስባ አጠገቡ እየተቀመጠች። ሌላ ጊዜ እሱ ሲሠራ እሷ ሌላ ጉዳይ ነበራት፤ ዛሬ ግን ልቧ አላስችል ብሏት ነው።

«አይቀርም፣ እትዬ።»

«አቤት ግትርነት።»

«ከማን ወረስኩት?»

ድራይቨሩን ጭኖ ጨረሰና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው። ስክሪኑ ጨለመ፤ ከዚያ አንዲት ሰማያዊ መስኮት ብቅ አለች። ፊውዝ ዝንብ እንደሚመታ ሰው የኪቦርዱን ቁልፍ ጠቅ አደረገው። መስኮቷ ጠፋች።

«ቆይ፣ ያ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ምንም። ኮምፒውተር ሰማያዊ ካሳየ መርዶ ነው፤ ቶሎ ማሳለፍ ነው የሚሻለው።»

«አንብበኸው ታውቃለህ?»

ፊውዝ ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ መለሰ።

«አንተ፣ መልእክተኛ ሲመጣ ምን ይዘህ መጣህ ሳትል ነው እንዴ በር የምትዘጋው?»

ሊናደድ አማረው፤ ግን አልቻለም። እውነቷን ነው። በድሮው ሲስተም ዘመን ሰማያዊ ስክሪን ከታየ ባለቤቱ ሊያለቅስ ነው ማለት ነበር፤ የፊውዝም ጣት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰማያዊ ባየች ቁጥር መሸሽ ለምዳለች። አሁን ታዲያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ድራይቨሩን ሲጭን ሲስተሙ ሁልጊዜ «የይለፍ ቃል አውጣ» ይለዋል። ያወጣል። ከዚያ በኋላ ግን የጠየቀው የለም። የማይጠይቅ ነገር ለምን ያስወጣዋል?

ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ዘበኛ ነው።»

«ማን?»

«ሰማያዊው። ኮምፒውተሩ ከውጭ የመጣን ድራይቨር ባለቤቱ ካልፈቀደ አያስገባም። ያንን የይለፍ ቃል ጠይቆ ሊያስፈቅደኝ ይመጣል፣ እኔ አፍንጫው ላይ በሩን እጠረቅማለሁ።»

እንደገና ጫነ። አዲስ የይለፍ ቃል አወጣ፤ ምን እንደሆነ ለእህቱ አልነገራትም፣ ባሏን በልቡ የሚጠራበት ስም ነበርና። አጥፍቶ አስነሳው። ሰማያዊዋ መጣች። እህቱ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠግተው እየተጋገዙ አነበቡ፦ የመጀመሪያው መስመር «ዝም ብለህ ቀጥል» ይላል፤ ሁለተኛው «ቁልፉን መዝግብ»፤ ለድራይቨሩ ፈቃድ ስጥ ማለት ነው። ፊውዝ ወደ ሁለተኛው ወረደ። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ አንድ ፊደል ሳተ።

«ቀስ በል፣ ብረት እየቀጠቀጥክ አይደለም» አለችው።

እንደገና ጻፈው፤ ተቀበለው። ኮምፒውተሩ ተነሣ። እህቱ ስታቀናብረው የከረመችውን የሩጫ ውድድር ከፈተች። እነዚያ አንካሳ የነበሩ ሯጮች እንደ ውኃ ፈሰሱ። የመሪው ላብ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ይታያል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ መልሳ ወደ ፊት ወሰደችው፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። እህቱ ጀርባውን በጥፊ አጮለችው። ፊውዝ ሳቀ፤ አፉን ከፍቶ፣ ከሆዱ።

«መንጋጋ ጥርስ አለህ እንዴ? ካየሁት ስንት ዘመኔ» አለች።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ባልየው ገባ፤ ከኋላው ባለሙያው ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል።

«ሳቃችሁ ደረጃው ድረስ ይሰማል። ምን ተገኘ?»

«ሠራ» አለች ሚስቱ። «ና እይ።»

ባልየው አጎንብሶ አየ። ሯጮቹ መታጠፊያውን በአንድ ላይ ሲታጠፉ ዓይኑ አብሯቸው ዞረ። ቀና ብሎ ፊውዝን ተመለከተው።

«ዐውቀህ ነው፣ ወይስ እንዲሁ ቀንቶህ?»

ለዚህ ሰው ዓመት ሙሉ ሲስል የኖረው መልስ ነበረው፤ ያውም ከነስንኙ። ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ግን ድንገት የጥገና ሱቁ መደርደሪያ ፊቱ ድቅን አለ፦ ለባለቤቶቻቸው «ካርዱ ሞቷል» ብሎ የደረደራቸው ኮምፒውተሮች። ሁሉም ይህችኑ ሰማያዊ መስኮት አሳይተውት ነበር። ሁሉንም ሳያነብ አሳልፏል። ማን ያውቃል፣ አንዳቸውም አልሞቱም ይሆናል።

ሄዶ እነሱን ዳግም ለማስነሣት ጣቶቹን በላው። መፍቻዎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ተነሣ።

«አንተን እኮ ነው» አለ ባልየው።

ፊውዝ በባለሙያው በኩል ሾልኮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።