በእሽጉ ላይ የተቀባ እርድ

ቢጫውን ያየችው ፖስታው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ልጇ ፕራናቲ የጤና ምርመራቸው ውጤት የታሸገባቸውን ሦስቱን የሐኪም ፖስታዎች ወደ ጠበቃቸው ከመላኳ በፊት ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በስልኳ ፎቶ አንስታቸው ነበር። ቫሱንዳራ ፎቶውን ስትመላለስበት ውላ ሦስተኛው ላይ ዓይኗ ቆመ። ሐኪሙ በማሸጊያው ላይ አቋርጦ የፈረመው ፊርማ ሥሩ ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙም ፈስሷል። የፖስታው ክዳን በአንድ በኩል ብድግ ብሏል።

ሦስተኛው የፕራናቲ ነው።

ያቀለመችው ራሷ ቫሱንዳራ ናት። ጠዋት ባሏና ልጇ ሳይነሱ፣ በአገራቸው ለሠርግ ጥሪና ለአዲስ መኪና እንደሚደረገው፣ እርድ በውኃ በጥብጣ የፖስታዎቹን ጠርዝ በጣቷ ቀባች። የባሏንና የራሷን ነካ ነካ አደረገች። የልጇ ላይ ግን እጇ ሳይታወቃት በዛ።

ባሏ በሥራ ቪዛ እየኖረ ለቋሚ መኖሪያ ተራ ሲጠብቅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፋይሉ እንዳይበላሽ ብሎ መሥሪያ ቤት እንኳ አልቀየረም። ተራው የደረሰው በዚህ ወር ነው። ጠበቃዋ ደምራ ቀንሳ እንደነገረቻቸው፣ የሐኪሙ ወረቀት ያለበት ማመልከቻ እስከ አርብ ካልገባ የፕራናቲ ዕድሜ ለልጅ ከተፈቀደው ጣሪያ ያልፍና ከአባቷ ፋይል ትወጣለች። ዛሬ ረቡዕ ነው። ልጅቱ ዳላስ ስትመጣ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ዋራንጋል ብትመለስ የአያቷን ቤት ጠይቃም አታገኘው።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም።»

«ምንም ስትዪ ነው እኔ የምፈራው።»

ነገረቻት። ፕራናቲ መጀመሪያ ሳቀች። ፎቶውን አጉልታ ስታየው ሳቋ ጠፋ።

«እርድ? የታሸገ ፖስታ ላይ? ሐኪሙ ምን ነበር ያለን?»

«እንዳትከፍቱ ነው ያለው። እንዳትባርኩ አላለም።»

ጠበቃዋ በስልክ ቃል አላበዛችም። «እሽጉ የተነካ ፖስታ አልልክም፤ የኢሚግሬሽን ሰዎች ይመልሱታል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደህናው እጄ ካልገባ ለአርብ አይደርስም።»

«ለአባትሽ ልደውልለት?»

«ስብሰባ ላይ ነው። ይልቅ ጫማሽን አድርጊ!»

የመልእክት ቤቷ ወይዘሮ ትሬቪኞ ደረሰኙን አገላብጣ አየችና ከከረጢቱ ውስጥ ሦስቱን የያዘውን ትልቁን ፖስታ ፈልጋ አወጣችላቸው። «ጠዋት ቸኩላችሁ ላካችሁ፣ አሁን ቸኩላችሁ ትወስዳላችሁ። ፖስታ የሚጭነው መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ካመለጣችሁ ያላችሁ በአየር ማረፊያው መንገድ ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ነው፤ እሱም ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶት ነበር። ቫሱንዳራ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሰዓቱን አየች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ሐኪሙ እምቢ ቢልስ? እንደገና ደም ይሰጥ ቢልስ? የደሙ ውጤት አራት ቀን ነው የፈጀው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሽማግሌው ሐኪማቸው ዶክተር ኡቤሮይ ብቅ አሉ። የፕራናቲን ፖስታ ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይኼ እርድ አይደለም እንዴ?»

«ለበረከት ብዬ ነው ዶክተር። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ጤነኛ ናት ብዬ ፈርሜ፣ አንቺ መድኃኒት ጨመርሽባት! ምነው እህቴ?»

እሳቸው ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ፖስታውን ቀደው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ቢጫው የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሷል። ያንን ገጽ እንደገና አትመው ፈረሙበት፤ በአዲስ ፖስታ ከተው አሸጉና ማሸጊያው ላይ አቋርጠው ፈረሙ። የቀሩትን የሁለቱን ፖስታዎች እሽግ ደግሞ በጥፍራቸው ሞከሩት። ደህና ነው። ሦስቱንም ለፕራናቲ ሰጧት።

«እናትሽን እንዳታስይዢያት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መኪናው ሄዷል። ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቆሟል፤ የፊታቸው መኪኖች የኋላ መብራት ቀይ ሆኖ ማለቂያ የለውም።

«በጎን በኩል አትሄጂም?»

«እማዬ፣ በጎን በኩል ግንብ ነው።»

«የሚጭነው መኪናስ መንገድ ላይ ቢገለበጥ?»

«ገና ሳይነሣ ገለበጥሽው!» አለች ፕራናቲ። ቆይታ ግን ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔም እፈራለሁ እኮ። እንዳንቺ አልናገረውም እንጂ።»

ቫሱንዳራ የልጇን ትከሻ ያዘች።

ሲደርሱ ለአንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ራሰ በራው ሠራተኛ ከበሩ አንዱን ክንፍ ዘግቶታል። ሦስቱ የገቡበትን ትልቅ ፖስታ ተቀብሎ መዘነ፣ ወረቀት ለጠፈበት፣ ደረሰኙን ሰጣቸው።

«ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል።»

«ባይደርስስ?»

«እመቤቴ፣ እዚህ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያም ፖስታውን አነሣና እያየችው ዛሬ ማታ ከሚሄዱት መካከል ከሁሉም በላይ አስቀመጠላት። ሸኝቷቸው ከውስጥ ቁልፉን ሁለቴ አዞረ። ፕራናቲ ወደ መኪናው ሄደች። ቫሱንዳራ ግን ተመልሳ የበሩን እጀታ ሳብ አድርጋ አየችው። ተቆልፏል።