በጓሮ በር የገባ በሽተኛ

ነርሷ ለሰው ሁሉ ሕግ ነበራት፤ ለታላቅ ወንድሟ ሲሆን ግን ሕጓን ትረሳዋለች። በጤና ጣቢያው አሥራ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ካርድ ሳያወጣና መለኪያ ክፍል ሳያልፍ ፊቷ የተቀመጠ በሽተኛ አልነበረም። ባለሥልጣን ቢመጣ እንኳ «ይሂዱና መጀመሪያ ይመዘኑ» ብላ ትመልሰዋለች። ክብደቱ፣ ሙቀቱና የደም ግፊቱ ተጽፎ ካልመጣ አፏን አትከፍትም። ሰዉ «ግትር ናት» ይላታል፤ ግትርነቷ የስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ ግን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወንድሟ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። በውፍረቱ የተነሳ ሰፈሩ «በርሜል» ይለዋል፤ እሱም በስሙ ከሚጠሩት በርሜል ቢሉት ይወዳል። እናትና አባታቸው በጊዜ ሲሞቱባቸው በብየዳ እሳት ዓይኑን እያስለበለበ ያስተማራት እሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው በሰልፍ መሀል አቁሞ ማየት እንዴት ይቻላል? ከላብራቶሪው ጀርባ ባለችው በር ታስገባዋለች፤ የሌላውን ሰው ካርድ ገፋ አድርጋ ወንበር ትሰጠዋለች።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ከእንብርቱ ከፍ ብሎ እያሳየ፣

«እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፣ ዶክተሬ» አላት። ዶክተር አለመሆኗን አሳምሮ ያውቃል፤ ማዕረግ በመስጠት ግን የሚደርስበት የለም።

«ምን በልተህ ነው፣ ጋሼ?»

«የሰው ልጅ የሚበላውን ነዋ!»

«በል ዘይትና ቁጣ ቀንስ» ብላ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠችው። ተሳስቀው ተለያዩ።

በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ትንሽ እንደቀመሰ ይጠግባል። ያንኑ መድኃኒት ጨመረችለት። በአምስተኛው ወር ሲመጣ ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳቸው ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ማየቱንማ አየቻቸው። «በስተርጅና ሽንቅጥ አልክ? ሚስትህ ብትጠረጥር ይሻላታል» ብላ ቀለደች። እሱም «ሰፈሩ ከእንግዲህ ‹ጀሪካን› ሊለኝ ነው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ሳያስበው የከሳ፣ ጨጓራውን የሚያመው ሰው በዚያው ቀን ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይሄዳል። ይህንን ለተለማማጆች በቃሏ የምታስተምረው ራሷ ናት። ግን እሁድ እሁድ ቤቱ እየሄደች የምታየው ፊት እንደ ሳሙና ነው፤ ትንሽ በትንሽ ሲያልቅ አይታወቅም። ለዚያ ነበር ሚዛን የተሠራው፤ እሷ ግን በሚዛኑ በኩል አላሳለፈችውም።

በስምንተኛው ወር ነርሷ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ሄደች። ወንድምዬው ሕመሙ ጠናበትና እንደለመደው በጓሮ ቢመጣ በሩ ተቆልፏል። እያጉረመረመ እንደማንም ሰው ሰልፍ ያዘ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ድሮ እጁን ብረት ባቃጠለው ጊዜ የወጣለትን ካርድ ፈልጋ አገኘችለት። ክብደት ዘጠና አንድ ኪሎ ይላል። ያን ዕለት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ስልሳ ስምንት ሆነ። በእሷ ቦታ ከሌላ ጤና ጣቢያ በውሰት የመጣው ነርስ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አየና፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠይቆት ሪፈር ጻፈለት።

ሆስፒታል በጉሮሮው ካሜራ አስገብተው አዩትና አስተኙት። ነርሷ ከሥልጠና ተመልሳ ሆስፒታል ስትሄድ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ጉበቱ ድረስ ደርሷል።

«ለሱም ነግሬዋለሁ። ከስድስት ወር በፊት ቢመጣ ቀዶ ጥገና ማሰብ ይቻል ነበር» አለ ሐኪሙ። «የት ነበር የሚታከመው?»

«እኔ ጋ» ልትል አፏን ከፍታ፣ «ሰፈር ያለ ጤና ጣቢያ» አለች። በዚያች መልስ ራሷን ጠላች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቤቷ ገብታ የሕክምና መመሪያውን አወጣችና የጨጓራውን ገጽ ደጋግማ አነበበችው። የማታውቀው ነገር አልነበረበትም።

በማግስቱ ልትጠይቀው ስትገባ ወንድሟ ለጎኑ በሽተኛ ወሬ ይዟል።

«እኔ እህቴ ባለችበት ሰልፍ ምን እንደሆነ አላውቅም። እንደ ሚኒስትር ነው የምታስገባኝ! ያቻትልህ፣ መጣች ዶክተሬ!»

የጎኑ በሽተኛ በአክብሮት ቀና ብሎ ሰላም አላት። እሷ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ያን በሽተኛ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቀች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈህ፣ ተመዝነህ ብትመጣ ኖሮ በሽታውን ያኔውኑ አገኘው ነበር። ስትከሳ እያየሁ ቀለድኩብህ።»

ዓይኑን ከእሷ አንስቶ ወደ ጣሪያው አደረገ።

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «መሞቴን እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል። እዚህ ተኝቼ የቀረኝ ባንቺ መኩራት ነበር። እሱን እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?»

እጁን ያዘችው፤ አልነጠቃትም፣ ግን መልሶ አልያዛትም።

«ለሚስቴ እንዳትነግሪያት» አለ ትንሽ ቆይቶ። «ከኔ በኋላ ማን አላት? ባንቺ ነው የምትመካው። ይሄንን ለራስሽ ያዢው።»

ወዲያው ሚስቱ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ገባች። ነርሷን ስታይ ፔርሙሱን አስቀምጣ እቅፍ አደረገቻትና ጉንጯን ሳመቻት።

«የኔ እህት፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር! እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ!»

ነርሷ ወንድሟን አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«አሜን» አለች።