እትዬ ቪዲዮ

አለቃው ካሜራውን ከስፌት ማሽኑ በላይ ሲያስር፣ ኮሌታ ሰፊዋ ላብ ያወረዛውን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ታየው ነበር። ፊቷ እንደማይታይ፣ የሚፈለገው እጇ ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ ነግሯታል። ፊቴንስ ማን ፈልጎት ያውቃል ብላ በሆዷ ስቃለች።

ወሬው ከተሰማ ሰንብቷል። ሸሚዙን የሚያሰፋው የውጭ ኩባንያ ሌላ አገር ከነሱ የረከሰ ጉልበት አግኝቷል፤ ማሽኖቹ ተነቅለው ወደዚያው ሊጫኑ ነው። የዚያ አገር ልጆች ኮሌታ መግጠሙ አልሆንላቸው ስላለ፣ የተዋጣላት ሰፊ በቪዲዮ ታሳያቸው ተባለ። ዕጣው የወደቀው እሷ ላይ ነው።

ወሬ ከአፏ ስለማይጠፋ ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ መክራት ነበር።

«አጣመሽ ስፊው። ጠማማ ተምረው ጠማማ ይስፉ። ያኔ ኩባንያው እግርሽ ላይ ወድቆ ይለምንሻል።»

«ቢያውቁብኝስ?»

«ምን ያመጣሉ፣ ከሥራ ያባርሩሽ?»

ሁለቱም ሳቁ።

ምክሩ ከልቧ አልወጣም። አባቷ የሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጣ ርካሽ ሸሚዝ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ከዷቸው፤ እሳቸውም ማሽናቸውን ከድነው ቤት ዋሉ። ኋላ ልጃቸው ያንኑ ርካሽ ሸሚዝ ከሚሰፋው ፋብሪካ ገባች። የሚያፈሰው ጣራ የተቀየረው፣ ታናሽ እህቷም ነርስነት መማር የጀመረችው በዚሁ ሥራ ነው። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ «የገደለኝ ቀለበኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አሁን እህቷ ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ማሽኖቹ ለአንድ ዓመት እንኳ ባሉበት ቢቆዩ!

«ጀምሪ» አለ አለቃው።

ኮሌታውን ከሸሚዙ አንገት ጋር ገጠመችው። ለጥፋት ትንሽ ይበቃል፤ ጨርቁን በጣቷ ሸርተት ብታደርገው ዓይን ሳያየው ይጣመማል። ጣቷን ከጨርቁ ሥር አሾለከች። መርፌው ሊወርድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አላት።

እነሱም የተማሩት ከቪዲዮ ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ግድግዳ ላይ ሁለት ቀጫጭን እጆች አሳዩአቸው፤ አንዱ አውራ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል። የእጆቹን ባለቤት እትዬ ቪዲዮ አሏት። የተሳሳተች ልጅ ካለች «እትዬ ቪዲዮ እንዳታይሽ» እየተባለች ትተረብ ነበር። ሴትየዋ የት እንዳለች፣ ለምን በቆሰለ ጣቷ እንደምታስተምራቸው ማንም አልጠየቀም። ስፌቱ ካለቀ በኋላ እጆቿ አልተነሡም፤ ኮሌታው ላይ ተዘርግተው ቆዩ። ሬዲዮ ያኔ «እንቅልፍ ጣላት» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፍርሳው ነበር።

እንቅልፍ አልነበረም፤ የሷም ማሽን ተነቅሎ ወደዚህ ሊጫን ኖሯል።

ያቺም ሴት ማጣመም ትችል ነበር። እሷም ቤቷ የሚያፈስ ጣራ፣ የምታስተምረው ሰው ይኖራት ይሆናል። ግን ቀጥ አድርጋ ሰፋች፤ በሷ ቀጥ ያለ ስፌት የኮሌታ ሰፊዋ እህት ተማረች።

ጣቷን መለሰችና ጨርቁን አስተካከለች። መርፌው ወረደ። እጥፉን ቀስ ብላ፣ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቆም ብላ፣ አንዲት ጀማሪ ልጅ አጠገቧ ያለች ይመስል እያሳየች ሰፋችው። ክሩን ቆረጠች። ኮሌታው እንደ ወረቀት ጠርዝ ቀጥ አለ።

«ጎበዝ፣ ጨርሰሻል» አለ አለቃው። «እጅሽን አንሺ።»

መስማቱን ሰምታዋለች። እጆቿ ግን ኮሌታው ላይ ተዘርግተው አልነሣ አሏት። ካሜራው አልጠፋም። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ አንዷ ተረበኛ እንቅልፍ ጣላት ብላ ስታስቅባት ታያት።