የአመተሥላሴ ንጹሕ ደም

አመተሥላሴ ከተዳረች ጀምሮ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ቀየት አረቄ ስታወጣ ኖራለች። አረቄውን ደንበኞቿ ይጠጣሉ፣ የኩበቱን ጭስ እሷ ትጠጣለች፤ ክፍፍሉን ማንም ተቃውሞት አያውቅም። ክረምት ላይ የያዛት ሳል መስከረም ጠብቶም አልለቅ ሲላት መንደሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ብርድ ነው አለች፤ ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ጤና ጣቢያው አክታዋን አይቶ የሳንባ ነቀርሳ አይደለም አለና ሽሮፕ ሰጣት። ሽሮፑ ይጣፍጣል፤ ሌላ ጥቅም አላየችበትም።

ከሐኪሞቹ ሁሉ ታላቁ ግን የባሏ የአቶ ተገኘ ታናሽ ወንድም መኳንንት ነበር። ደብረ ብርሃን የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ስለሚውል የማያውቀው ነገር የለም።

«እትዬ፣ የሳንባ ካንሰር ከሆነ ደምሽ ይናገራል» አላት። «ካንሰሩ ደም ውስጥ ምልክት ይተዋል። ይህን የሚለካ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል።»

«ራጅስ አያነሱኝም?»

«ራጅ የድሮ ነው።»

ሳይጠየቅ ብዙ የማይናገረው ተገኘ ኩበቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ።

የክሊኒኩ ወለል ከመብራቱ ይበልጥ ያበራል። ደሟን የቀዳው ባለሙያ ስለ ሳሏ አንድም ነገር አልጠየቃትም፤ ምናልባት ደሙ ይነግረኛል ብሎ ይሆናል። በማግስቱ ውጤቱ በመኳንንት ስልክ መጣ፦ ምልክቱ ከልክ አላለፈም።

«ንጹሕ ነሽ» አላት፣ ራሱ ያነጻት ይመስል።

እሑድ ለምስጋና በግ ታረደ። ዘመድ ተሰበሰበ፤ መኳንንትም ስለ ሳይንስ ዕድገት ሰፊ ንግግር ጀመረ። ንግግሩ መሐል ላይ አመተሥላሴን ሳል አጣደፋት። ነጠላዋን ከአፏ ስታነሳው ቀልቷል።

«አትደንግጡ» አለች። «ንጹሕ ደም ነው፤ ተመርምሯል።»

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ተገኘ ተነሳና «ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለ። ሳይጠየቅ ከተናገራቸው ንግግሮች ሁሉ ይሄ ሳይረዝም አይቀርም።

መኳንንትም ሳይንሱን ለመከላከል አብሯቸው ሄደ። ሆስፒታሉ በሲቲ ስካን አነሳት፤ ግራ ሳንባዋ ላይ እባጭ ተገኘ። ከእባጩ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ። ሐኪሟ ዶክተር ቤተል ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

«ደሟ እኮ ንጹሕ ነበር» አለ መኳንንት።

«ያስለካችሁት ነገር ካንሰር እያለም ላይጨምር ይችላል፤ በሌላ ምክንያትም ይጨምራል። እሱን ብቻ አይቶ አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም። የተሻሉ የደም ምርመራዎች እየተጠኑ ነው። ለአሁኑ ግን የሚያረጋግጥልን ናሙናው ነው።»

«እኔ ሲጋራ በእጄ ነክቼ አላውቅም» አለች አመተሥላሴ።

«እሳቱን በምን ያነዳሉ፣ እናቴ?»

«በኩበት።»

«የቤት ውስጥ ጭስም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።»

ደግነቱ ካንሰሩ አልተሰራጨም፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል ተባለ። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊያስገቧት ሲሉ የተገኘን እጅ ያዘች።

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አላት። ሊያጽናናት የሞከረ ሰው ቢሆን ኖሮ ትቆጣው ነበር።

ከሳንባዋ ከፊሉ ተቆርጦ ወጣ። በየጊዜው እየተመላለሰች እንድትታይ ተነግሯት ጥር ላይ ቀየት ገባች። መኳንንት ለጠያቂው ሁሉ «በጊዜው ወደ ምርመራ ባልወስዳት ኖሮ» እያለ ያወራል። ለክርክር የሚሆን ትንፋሽ ስላልነበራት ተወችው።

ተገኘ የአረቄ ማውጫውን ከቤት አውጥቶ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተከለው፤ ሥራውንም ራሱ ያዘ። የመጀመሪያው አረቄ ውሃ ውሃ አለ። አመተሥላሴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቀመሰችው። እሱ ቆሞ ፊቷን ያያል።

«ደኅና ነው» አለችው። ውሸቷን ነበር።